ብርሃን፣ ነፋስና የድንበር ሐውልት

ቅርጻ ቅርጽ በድንጋይና በብረት ብቻ የሚሠራ ጥበብ አይደለም፤ ብርሃንና ነፋስም የሥራው ተካፋዮች ናቸው። በጎንደር ደጋ፣ ከጋይንት እስከ ስማዳና እስቴ ባለው አገር፣ ነፋስ እንግዳ አይደለም፤ በላይ ጋይንት ነፋስ መውጫ ተብሎ የተሰየመ ከተማ አለ። በብዙ የደጋ አብያተ ክርስቲያናት ጉልላት ላይ የተሰካው የሰጎን እንቁላል ፀሐይ ሲያርፍበት ከሩቅ ያበራል፤ በዙሪያው የሚንጠለጠሉት ብረቶችም ነፋስ ሲነካቸው ይንሿሿሉ። አሜሪካዊው አሌክሳንደር ካልደር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሽቦ ያንጠለጠላቸው ተንቀሳቃሽ ቅርጾች ለዓለም አዲስ ቢመስሉም፣ የሐሳቡ መሠረት ለደጋው ሰው ባዕድ አልነበረም።

እንግዲህ መጠየቅ ያለበት፣ ብርሃንና ነፋስ በሩቅ ጠረፍ ስለ ተነሣ የድንበር ክርክር ለሚናገር ሐውልት ምን ይፈይዳሉ የሚለው ነው። ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ በአዲስ አበባ፣ በቸርችል ጎዳና፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የቆመው የትግላችን ሐውልት ነው።

ክርክሩ ከሐውልቱ እጅግ ይቀድማል። በ1900 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኢጣሊያ በተዋዋሉት ውል የተጠቀሰው የምሥራቁ ወሰን በመሬት ላይ ሳይተከል ቀረ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ውኃ ጉድጓዶች አጠገብ ደም ፈሰሰ፤ ከዓመት በታች ጊዜ ውስጥም የኢጣሊያ ወረራ ተከተለ። በ1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶማሊያ በዚሁ ወሰን ተዋጉ። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ፤ ጅጅጋም ተያዘች፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በካራማራ ድል ተመለሰች። በዚህ ጦርነት የወደቁትን ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ለማሰብ፣ በሰሜን ኮሪያ ድጋፍ፣ ሐውልቱ በ1977 ዓ.ም. ቆመ።

ወደ 50 ሜትር የሚረዝመው ዓምድ በአናቱ ቀይ ኮከብ ተሸክሟል፤ ነፋስ አይወዘውዘውም። በግራና በቀኝ ያሉት የጎላ ቅርጽ ግድግዳዎች ግን በብርሃን ይኖራሉ። እንዲህ ያለ ቅርጽ ፀሐይ በጎን ሲመታው ጥላው ይረዝማል፤ ፊቶቹና እጆቹ ከግድግዳው ተለይተው ይወጣሉ። ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት ጥላው ያንሳል፤ ታሪኩም ይደበዝዛል። ስለዚህ ያው አንድ ግድግዳ በጠዋትና በቀትር አንድ ዓይነት ነገር አይናገርም።

ሐውልቱን ያቆመው መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ ኮከቡም ከነበረው ትርጉም ብዙውን አጣ። ካራማራ ላይ የወደቀው ሰው ግን ከመንግሥት ጋር አብሮ አይወድቅም። መንገደኛ ከሩቅ የሚያየው ዓምዱንና ኮከቡን ነው፤ የሰው ፊት ያለው ግን ከታች፣ በግድግዳው ላይ ነው። የድንበር መስመር በወረቀት ይሰመራል፤ ዋጋው የሚከፈለው በሰው ነው። ሐውልት ይህን እውነት የሚያስተምረው ተመልካቹ ቀርቦ፣ ብርሃኑ ፊቶቹን እስኪያወጣቸው ድረስ የቆመ እንደ ሆነ ነው።