ቁጡው መንፈስና የማር ጠብታ

የክረምቱ ጭጋግ ተገፎ መስከረም ሲጠባ፣ የወላይታ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በዓሉን ጊፋታን ያከብራል። ጎረቤት ተሰባስቦ ሰንጋ ይጥላል፣ ሥጋውን በቅርጫ ይካፈላል። በዚያው ሰሞን፣ ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ፣ የቤንጋል ሕዝብ ዱርጋ ለተባለችው እንስት አምላክ ይሰግዳል። ዱርጋ አንበሳ ላይ ተቀምጣ፣ በአሥር ክንዶቿ ልዩ ልዩ መሣሪያ ጨብጣ፣ በጎሽ የተመሰለውን ጋኔን የምትወጋ ቁጡ እናት ናት። ከጭቃ የተሠራው ምስሏ ለቀናት ከተመለከ በኋላ በዘፈንና በከበሮ ታጅቦ ወንዝ ውስጥ ይሰጥማል።

ወላይታ እንዲህ ያለ ምስል አላቆመም። በጥንቱ እምነት ጦሳ የሁሉ የበላይ ነበረ፤ ነገር ግን ሩቅ ነበር። ቅርብ የነበሩት፣ የሚፈሩትም መናፍስቱ ነበሩ። በሽታ ቤት ሲገባ ወይም ከብት ሲያልቅ ወደ ጠንቋዩ ይኬዳል፤ እርሱም የተቆጣው መንፈስ የሚሻውን ይናገራል። የሚሻውም ደም ነው። ከመሥዋዕቱ የጠንቋዩ ድርሻ ቀርቶ እንደማያውቅ መቼም መናገር አያሻም።

በ1887 ዓ.ም. ካዎ ጦና በምኒልክ ጦር ድል ከተነሣ በኋላ፣ ይህ ዕዳ በሌላ ዕዳ ላይ ተደረበ። ገበሬው ገባር ሆነ፤ ቀን ለመልከኛው፣ ሌሊት ለመንፈሱ ይገብር ጀመር።

ኢሳ ላሌ ከጋሞ ምድር ተነሥቶ የሰበከው በ1910ዎቹ፣ ለእንዲህ ያለው ሕዝብ ነበር። ትምህርቱ አጭር ነው፦ መናፍስትን ተዉ፣ ጦሳን ብቻ ለምኑ፣ እሑድን አክብሩ። የጸሎቱ ሥርዓት ደግሞ ይበልጥ አጭር ነበር፤ ጣትን ማር ውስጥ ነክሮ ወደ ሰማይ መርጨት። ታሪክ ጸሐፊዎች ትኩረታቸውን ትምህርቱ ላይ ቢያደርጉም፣ የነገሩ ቁም ነገር ማሩ ላይም ይገኛል። ወይፈን የሌለው ድኻ የማር ጠብታ አያጣም፤ ጣቱን ለመንከርም ጠንቋይ አያስፈልገውም። በአንድ ጊዜ መሥዋዕቱም ደላላውም ተሻሩ። ሕዝቡ ተከተለው፤ የሕዝቡ መሰብሰብ ያሰጋቸው ገዥዎችም ኢሳን አሰሩት።

ቤንጋሎች በባዕድ አገዛዝ ሥር ሳሉ የሄዱት በተቃራኒው መንገድ ነው። ደራሲው ባንኪም ቻንድራ እ.ኤ.አ. በ1882 ባሳተመው ልብ ወለድ አገሩን በዱርጋ አምሳል አቀረባት፤ ከ1905ቱ የቤንጋል መከፈል በኋላም በመጽሐፉ ውስጥ ያለው መዝሙር የተቃዋሚዎች መፈክር ሆነ። እዚያ የእናቲቱ ቁጣ በእንግሊዝ ላይ ተመዘዘ። የወላይታው መንፈስ ቁጣ ግን የሚያርፈው በራሱ በገባሩ ጎጆ ላይ ነበርና፣ ገባሩ አስቀድሞ የተገላገለው ከእርሱ ነው። ከመልከኛው ለመገላገል እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ መጠበቅ ነበረበት።

በ1920 ዓ.ም. የውጭ አገር ሚስዮናውያን ሶዶ ሲደርሱ፣ ስለ አንድ አምላክ የሚያወሩት ነገር ለብዙ ሽማግሌዎች እንግዳ አልሆነባቸውም። የኢሳን ማር ያስታውሱ ነበር።