ጓሳ፦ በራስጌ የተጠበቀ አደራ

ከተማ እየሰፋ ሲሄድ ወንዙ ይቆሽሻል፤ ወንዙ ሲቆሽሽም ሰው ዳርቻውን ትቶ ይሸሻል። በዘመናችን ግን አያሌ ከተሞች ወደ ተዉት ወንዝ ተመልሰው፥ ዳርቻውን መናፈሻ ማድረግና ቀድሞ የበቀለበትን ዕፅዋት መልሰው መትከል ይዘዋል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. የሸገርን የወንዝ ዳርቻዎች የማስዋብ ሥራ ጀምራለች። የኮርያ ዋና ከተማ ሴኡልም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም.፥ በመንገድ ሥር ተደፍኖ የኖረውን የቾንግጌቾንን ወንዝ 5.8 ኪሎ ሜትር ያህል ገልጣ ለሕዝቧ መናፈሻ አድርጋዋለች። ይሁን እንጂ ዛሬ በዚያ ወንዝ ውስጥ የሚፈሰው ውሃ አብዛኛው ከሐን ወንዝ በሞተር እየተሳበ የሚመጣ ነው። ዳርቻን ማሳመር በገንዘብና በጥበብ ይቻላል፤ የራቀ ምንጭን መመለስ ግን እጅግ ከባድ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ስለዚህም ስለ ወንዝ ዳርቻ የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ ወደ ወንዙ ራስጌ ሊወጣ ይገባዋል። እኛም ለዚህ ነገር ምሳሌ ስንፈልግ ከመሐል ሜዳ የተሻለ አላገኘንም። የመንዝ ጌራ ምድር ዋና ከተማ ከሆነችው ከመሐል ሜዳ ወዲያ፥ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ፥ የጓሳ አምባ ተዘርግቶ ይገኛል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙን ያገኘው ከሚያለብሰው ሣር ሲሆን፥ ይህ ሣር ለመንዝ ሰው የቤቱ ክዳን፥ የገመዱ ክር፥ የከብቱም መኖ ነው። ጥቅሙ ግን በዚህ ብቻ አይወሰንም። ጥቅጥቅ ያለው የጓሳ ሥር ዝናቡን ይዞ ቀስ በቀስ ስለሚለቀው፥ ከአምባው 26 ያህል ጅረቶች ይነሣሉ፤ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ለዓባይ፥ ወደ ምሥራቅ የሚወርደውም ለአዋሽ ይገብራል።

ይህ ሀብት እስከ ዛሬ የቆየው እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም። የአገሩ ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት፥ አስቦና ጌራ የተባሉ ቀደምት አባቶች አምባውን ተካፍለው ለልጆቻቸው አወረሱት፤ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮም ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ ኖረ። በየወገኑ ያሉት ባለርስቶች በአንድ ቃል አለቃ ይመርጣሉ። አለቃውም ሣሩ እስኪበስል ድረስ አምባውን ለሦስት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋዋል። በተዘጋበት ዘመን ሣር ማጨድ፥ ከብት ማሰማራትም ሆነ እንጨት መልቀም ክልክል ነው፤ ሕጉን የደፈረ ብርቱ ቅጣት ይጠብቀዋል። የሚከፈትበት ቀን ሲደርስ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ይነገራል፤ ይኸውም በበጋው ማየያ፥ በየካቲት ወይም በመጋቢት ነው። አስቀድሞ ሣሩ ይታጨዳል፤ ቀጥሎ ከብቱ ይገባል፤ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ቀን ግን ሁሉም ከአምባው ይወጣል።

የሆነው ሆኖ ሥርዓቱ ነቀፋ የሌለበት አልነበረም። መብቱ የአፅመ ርስት ስለ ነበረ፥ ትውልዱን ከነዚያ አባቶች መቍጠር ያልቻለ ጎረቤት፥ ምንም ችግረኛ ቢሆን፥ ከጓሳው ድርሻ አልነበረውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት ሲሽር፥ ይህ ልዩነት አብሮ ተሻረ። በፍርድ ሚዛን ሲታይ መልካም ነበር፤ ነገር ግን አጥሩ ሲፈርስ ጠባቂውም አብሮ ሄደ። ቀድሞ ዓመታትን ይጠብቅ የነበረው ማጭድ ያለ ጊዜው ገባ፤ ከብቱም ያለ ወቅቱ ተሰማራ፤ ጓሳውም ሳሳ።

ከዚህ ላይ የመንዝ ሕዝብ ሁለት መንገድ ቀርቦለት ነበር ማለት ይቻላል፦ ወይ የጥቂቶችን መብት መልሶ ሣሩን ማዳን፥ ወይ ለሁሉ ፈቅዶ ሣሩን ማጣት። እርሱ ግን ሦስተኛውን መረጠ። ባላባትነቱን ትቶ፥ መዝጋትና መክፈቱን፥ ጥበቃውንና ቅጣቱን አስቀረ፤ በአካባቢው ያሉ ቀበሌዎችም በጋራ ኮሚቴና በራሳቸው መተዳደሪያ ደንብ ያዙት። የአማራ ክልል መንግሥትም በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ አጸናው።

ሣሩ ሲጠበቅ ምን ተረፈ ብሎ ለሚጠይቅ፥ መልሱ በአምባው ላይ ይታያል። በመላው ዓለም 500 ገደማ ብቻ የቀረው ቀይ ቀበሮ፥ ከአገራችን በቀር የትም የማይገኘው ጭላዳም እዚህ ጎን ለጎን ይኖራሉ። በጓሳ የተደረገና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ድንቅ ነገር ገልጧል። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ቀስ ብሎ እየተራመደ አይጥ ሲያድን፥ ከመቶ ሙከራው 67ቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን የሚሳካለት 25ቱ ብቻ ነው። የጭላዳውን ግልገል አይነካምና መንጋው አይሸሸውም። እንዲህ ያለው ጉርብትና በአንድ ቀን አይተከልም፤ ሣሩ፥ አይጡ፥ ጭላዳውና ቀበሮው አንድ ላይ ሲኖሩ ብቻ የሚገኝ ነው።

እንግዲህ መናፈሻ የሚያቅድ ሹም፥ ተማሪዎቹን ችግኝ የሚያስተክል መምህርም ከዚህ አምባ የሚወስደው ትምህርት አለ። ችግኝ መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ማነው የሚዘጋው፥ ማነውስ የሚከፍተው፥ ከጥቅሙስ ማን ይካፈላል ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ግን የትውልድ ሥራ ነው። በየከተማው ወንዝ ዳርቻ አገር በቀሉን ዛፍ ስንመልስ፥ የዳርቻውን ነዋሪ ከአጥሩ ውጭ ብናስቀረው፥ የድሮውን የርስት ስሕተት በአዲስ ስም መድገማችን ነው፤ ለሁሉ ፈቅደን ጠባቂ ብንነሣው ደግሞ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የሆነውን መድገማችን ነው። የመንዝ ገበሬዎች ከሁለቱም ስሕተት ተምረው አልፈዋል። እኛ ከእነርሱ ለመማር ብንዘገይ፥ ምክንያት አድርገን የምናቀርበው ነገር አይኖረንም።