ርስትና ሕግ በበጌምድር

በበጌምድር ደጋ መሬት የሚያዘው በዋናነት በሁለት መብቶች ነበር። ርስት ከመጀመሪያው አቅኚ አባት የሚወርድ የዘር መብት ሲሆን፣ በአባትም በእናትም በኩል ይወረሳል። ጉልት ግን ንጉሥ ለመኳንንት ወይም ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ግብር የመሰብሰብ መብት ነው። ባለጉልቱ የአካባቢው ዳኛም ስለነበር ግብሩንና ፍርዱን አንድ እጅ ይዟቸዋል።

የርስት ትልቁ ባሕርይ ጊዜ የማይሽረው መሆኑ ነው። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለውም ለዚህ ነው። ትውልዱን እስከ አቅኚው ድረስ ቆጥሮ ማስረዳት የቻለ ሰው፣ አያቶቹ ከአገር ወጥተው ቢቀሩ እንኳ ተመልሶ ድርሻዬን ሊል ይችል ነበር። ከዚህም የተነሣ ሙግቱ ማለቂያ አልነበረውም። ተሟጋቾች ዋስ ጠርተው ይቀርቡ፣ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉም ይከራከሩ ነበር፤ የአገር ሽማግሌም ስለ ዘር ሐረጉ ይመሰክር ነበር። መብቱ በእናትም በኩል ስለሚወርድ ሴቶች ባለርስት ይሆኑ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ በጎንደርና በአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የተጻፉ የመሬት ሽያጭና ስጦታ ሰነዶችን ሲመረምር፣ በሻጭነትም በገዢነትም የተጠቀሱ ሴቶችን አግኝቷል። በሌላ መዝገብ ስማቸው ያልተረፈ ሴቶች እዚያ መገኘታቸው እነዚህን ሰነዶች እጅግ ውድ ያደርጋቸዋል።

ይኸው ሥርዓት ያገለላቸውም ነበሩ። በ1668 እ.ኤ.አ. በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ፤ ርስት ለመያዝም መንገዱ ለብዙዎቹ ዝግ ነበር። ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ ያለችው ይፋግ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነጋዴ ሙስሊሞች መኖሪያ፣ የበጌምድር ስመ ጥር ገበያና የቀረጥ ኬላ እንደነበረች ሲታሰብ፣ መሬት የተነፈገ ሰው ወደ ንግድ ማዘንበሉ አያስገርምም። ገበያው ከካራቫን መንገዱ ያገኘው ጥቅም እንዳለ ሆኖ፣ የመሬት ሕጉ ያሳደረበትም ተጽዕኖ ሊረሳ አይገባም።

ይህ በልማድ የቆየ ሥርዓት ኋላ የተጻፈ ሕግ ገጠመው። የፓሪሱ የሕግ ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። አንቀጽ 3347 ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች የቀድሞውን ልማድ ሻረ። አንቀጽ 1168 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብር 15 ዓመት ሳያቋርጥ የከፈለ ባለይዞታ ባለቤት እንደሚሆን ደነገገ። ነገር ግን በልማድ የቤተ ዘመድ የሆነን ርስት አንዱ ዘመድ በዚህ መንገድ እንዲወስድ አልፈቀደም። ስለዚህ ልማድን ለመሻር የወጣው ሕግ የርስትን ጊዜ አልባነት ራሱ አስጠብቆ አኖረው። ይህ ከሕጉ አስደናቂ ቦታዎች አንዱ ነው። በ1956 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ መምህራን፣ በተለይም ጆርጅ ክሼቹኖቪች፣ ስለ ልማድና ስለ አዲሱ ሕግ ግንኙነት ብዙ ጽፈዋል። በዚያው ዓመት የጀመረው የፋኩልቲው የሕግ መጽሔትም ፍርዶችንና ጥናቶችን ለንባብ አበቃ።

ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ያወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ንብረት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥም ገደበ። እንደ በጌምድር ባሉ የርስት አገሮች ገበሬው በሚያርሰው መሬት ላይ የይዞታ መብት አገኘ፤ በዘር ቆጥሮ መጠየቅ ግን ቀረ። የመሬት ክርክርም ወደ ገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎ ተዛወረ።

በ1989 ዓ.ም. የበጌምድር ደጋ የሚገኝበት የአማራ ክልል መሬትን እንደገና ሲያከፋፍል፣ በደርግ ዘመን በሹመት የነበሩና «ቢሮክራት» የተባሉ ሰዎች ከሌላው ገበሬ ያነሰ ድርሻ ተወሰነላቸው። ውሳኔው ያስከተለው ቅሬታ ለአጥኚዎች የምርምር ርእስ ሆኗል። ከዚያም የክልሉ አዋጅ ቁጥር 133/1998 የይዞታ መብትን አጠናከረ፤ በጋራ በተያዘ መሬት ላይ በሚሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርም የባልና የሚስት ስም አብሮ እንዲጻፍ ደነገገ።