የዐባይ አሻጋሪዎች

በኦሪት ዘፍጥረት ከገነት ስለ ወጡት አራቱ ወንዞች ሲነገር፥ ግዮን የኢትዮጵያን ምድር ሁሉ የሚከብብ ሆኖ ተጽፏል። የኢትዮጵያ ሊቃውንትም ግዮን ዐባይ ነው ብለው ተረጐሙ። የሚከብብ የተባለውን ቃል ግን እንደ ጎጃም ሰው በኑሮው የተረጐመው የለም። ዐባይ ከሰከላ፥ ከግሽ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጣና ይገባል፤ በባሕር ዳር ወጥቶ በምሥራቅ ይወርድና በደቡብ ዞሮ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ጎጃምን እንደ ቀለበት ይይዘዋል። ይህ ቀለበት በበጋ ይላላል፤ በክረምት ይጠብቃል።

ቀድሞ መንቆረር ትባል ከነበረችው ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ሸዋ የሚሄድ መንገደኛ ከደጀን አፋፍ ሲደርስ ከእግሩ በታች ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ቍልቍለት ይጠብቀዋል። ከአፋፉ ብርድ ወደ በረሃው ወበቅ ወርዶ፥ ንዳድ እንዳይዘው ከወንዙ ዳር ሳያድር ለመሻገር ይቸኵላል። በጥርና በየካቲት መሻገሪያውን የሚያውቅ ሰው ውኃውን በእግሩ ይሻገራል። ከሰኔ በኋላ ግን ከወዲያ ማዶ እናቱ የሞተችበት የቅኔ ተማሪ መርዶውን የሚሰማው ብዙ ጊዜ መስከረም ከጠባ በኋላ ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ በሁለቱ ዳርቻ መካከል የሚመላለስ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም አሻጋሪ ይባላል።

የአሻጋሪው መርከብ የበሬ ቆዳ ነው። ቆዳውን ዘርግቶ ዕቃውን ከሣር ጋር በመካከሉ ያኖርና ዳርና ዳሩን ሰብስቦ በጠፍር ያስረዋል። የታሰረው ቆዳ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ዋናተኞችም በደረታቸው እየገፉ፥ በአንድ እጃቸው እየቀዘፉ ይወስዱታል። ዋና የማያውቅ መንገደኛ በነፋስ የተነፋ ስልቻ አቅፎ በሁለት ዋናተኞች መካከል ይሄዳል። በቅሎዋ በልጓሟ ተይዛ በራሷ ትዋኛለች። ውኃው ቀጥ ብሎ አያሻግርምና አሻጋሪው ሊደርስበት ካሰበው ስፍራ እጅግ ወደ ላይ ወጥቶ ይነሣል፤ ይህን ሒሳብ የሳተ እንደ ሆነ ማዶው ገደል ሆኖ ይጠብቀዋል። ከጭነቱ ሁሉ የሚያስጨንቀው አሞሌ ጨው ነው። ውኃ የነካው አሞሌ ይሟሟልና ጠፍሩ ቢላላ የነጋዴው ገንዘብ በዐይኑ ፊት ወንዝ ሆኖ ይሄዳል።

«ዐባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ቃል በደጋ ለተቀመጠ ሰው ምሳሌ ነው፤ ለአሻጋሪው ግን ምሳሌ አይደለም። ደራሽ ውኃ ነቅሎ ያመጣው ግንድ ዋናተኛውን በመካከል ካገኘው አያድነውም። የአዞው ፍርሃትም ነበረ፤ ስለዚህ በዳር የቆሙት ሰዎች እየጮኹ ድንጋይ ይወረውሩ ነበር።

ሰውን ወደዚህ ሞት የሚያወርደው ንግድ ነው። ከደብረ ማርቆስ በታች በየጁቤ ይቆም የነበረው የባሶ ገበያ በጎጃምና ከዐባይ ማዶ ባለው አገር፥ በጉድሩና በሆሮ መካከል ዋናው በር ነበር፤ እንግሊዛዊው ቻርለስ ቢክም በ1830ዎቹ ዓ.ም. አይቶ ጽፎለታል። ከማዶ ቡና፥ የዝሆን ጥርስ፥ ዝባድና ወርቅ ይመጣል፤ ከወዲህ አሞሌ ይሄዳል። ሰውም እንደ ዕቃ ተሻግሯል። ነጋዴውን ያሻገረ ክንድ የታሰረውን ባሪያም አሻግሯል፤ ይህን ከታሪኩ አውጥቶ የአሻጋሪውን ጀግንነት ብቻ ማውራት እውነትን መከፈል ይሆናል።

ነገሥታቱም ይህንኑ ውኃ ፈርተውታል። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ከዐባይ ማዶ በእምባቦ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው ድል ሆኑና ተማረኩ። የሁለቱ ነገሥታት ነገር በሰፊው ተጽፏል፤ ያን ሁሉ ሠራዊት ከነስንቁ ያሻገሩት ዋናተኞች ግን ስማቸው የለም።

ድልድይ ያልታሰበበት ጊዜ አልነበረም። በጢስ ዐባይ አጠገብ በአላታ ያለው የድንጋይ ድልድይ በ1618 ዓ.ም. ግድም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በኖራ ተሠራ። ሕዝቡ ግን የኖራ ግንብ ያየ እንደ ሆነ ለዐፄ ፋሲል መስጠት ይወዳልና ይህንንም የፋሲል ይለዋል። ሁለተኛው ከሞጣ በታች የሚገኘው ነው። ሁለቱም ወንዙ በጠበበበት በላይኛው አገር ናቸውና፥ በደጀን በኩል ለሚወርደው መንገደኛ የአሻጋሪው ክንድ ብቻ ቀረለት።

መኪና በገዛ መንኰራኵሩ ይህን በረሃ መውረድ የቻለው ኢጣልያኖች መንገድ ከቀደዱ በኋላ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ገብተው፥ ከዚያም ዐባይን ተሻግረው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ። ከነጻነት በኋላ ባለ ቅስቱ የኮንክሪት ድልድይ ተሠራ፤ እርሱም ሲያረጅ በጃፓን መንግሥት ርዳታ 303 ሜትር የሚረዝመው የሕዳሴ ድልድይ በአጠገቡ ተሠርቶ በ2001 ዓ.ም. መባቻ ተከፈተ። አውቶቡስ ያለ ሥጋት ሲያልፍ ተሳፋሪው እንቅልፉን አይተውም።

የአሻጋሪነት ሥራ እስከ ቅርብ ዘመን የኖረው፥ የሚያስገርመው፥ ድልድይ ከነበረበት ከሞጣ በታች ነው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን ጠላት እንዳይሻገር መካከሉ እንዲፈርስ ተደረገ፤ ከዚያም ወዲህ ሰባራ ድልድይ ተባለ። በሁለቱ ስባሪ ላይ ጎልማሶች ቆመው ገመድ ይዘረጋሉ፤ መንገደኛው ገመዱን በወገቡ ታስሮ ከጥልቁ በላይ ተንጠልጥሎ ይሳባል። ጤፍ የጫነ፥ ወደ ገበያ የምትሄድ፥ ሕመምተኛ የሚያስታምም ሁሉ በዚያ አለፈ። ወንዙን በእግር ዞሮ ሌላ ድልድይ መፈለግ የቀናት መንገድ ነበርና የገመዱ ፍርሃት ተመረጠ። የዚህ ሥዕል በውጭ አገር መጽሔት ታትሞ ያዩ ሰዎች መጥተው በ1993 ዓ.ም. ከአገሬው ጋር ስባሪውን ጠገኑት። ጥገናውን ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ የክረምት ሙላት ወሰደው፤ ገመዱም ከተሰቀለበት ወረደ። በ2001 ዓ.ም. ግድም ከሙላቱ በላይ ከፍ ብሎ በሽቦ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። የገመድ ሳቢዎቹም ልጆች አሁን በነሐሴ አህያቸውን እየነዱ በዚያ ላይ ያልፋሉ፤ የአባቶቻቸው መቆሚያ የነበረው የኖራ ግንብ ከበታቻቸው ይታያል።