ታላቁ ቀድሞ ሲናገር፦ የባለሙያ ግምትና የኢነርጂ ገበያ ታሪክ

(ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ የነዳጅና የሌሎች የኃይል ምንጮች ገበያ ነገ ምን እንደሚሆን ለማወቅ መንግሥታትና ኩባንያዎች ባለሙያን ሲጠይቁ የኖሩበትን ታሪክ የሚመለከት ነው። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ የዋጋ ተንባይ ስላልሆንሁ፣ የመጪው ዓመት የነዳጅ ዋጋ ስንት እንደሚሆን ለመስማት የመጣ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ አዋቂዎች ተሰብስበው ስለ ነገ ሲናገሩ መቼ ይጠቅማሉ? መቼስ አገርን ያሳስታሉ? የማነሣቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ስናገር «ዓ.ም.» እያልሁ እለያለሁ።

ነገሩን ከስሙ ልጀምር። ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው፣ የሊድያው ንጉሥ ክሮይሰስ በፋርስ ላይ ይዝመት እንደሆነ ለመጠየቅ መልእክተኞቹን በግሪክ አገር ወደሚገኘው የዴልፊ ቤተ ጣዖት ላከ። የመጣለት ምላሽ፣ ቢዘምት አንድ ታላቅ መንግሥት እንደሚፈርስ የሚናገር ነበር። ንጉሡም ዘመተ፤ የፈረሰው ግን የገዛ ራሱ መንግሥት ሆነ። ከሃያ አምስት መቶ ዓመታት ገደማ በኋላ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የራንድ ተቋም ተመራማሪዎች የባለሙያን ግምት ለማሰባሰብ አዲስ ዘዴ ሲፈጥሩ «ዴልፋይ» የሚለውን ስም ሰጡት። የዘዴው ዋነኛ አባቶች ኦላፍ ሄልመርና ኖርማን ዳልኪ ናቸው።

የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው ለአሜሪካ አየር ኃይል ነበር። ለሰባት ባለሙያዎች የቀረበላቸው ጥያቄ የሚዘገንን ነው፤ የአሜሪካን የጦር መሣሪያ ምርት በተወሰነ መጠን ለመቀነስ ጠላት ስንት የአቶም ቦምብ ያስፈልገዋል የሚል ነበር። ባለሙያዎቹ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አልተቀመጡም። እያንዳንዱ ለብቻው በጽሑፍ መለሰ፤ ምክንያቱንም አስረዳ። አስተባባሪዎቹ የተሰጡትን ምክንያቶች፣ የማን እንደሆኑ ሳይገልጹ፣ መልሰው ለሁሉም ያደርሳሉ፤ ባለሙያውም ሐሳቡን ይከልሳል ወይም ይጸናበታል። ይህ አምስት ጊዜ ተደጋገመ። በመጀመሪያው ዙር ትንሹ ግምት 50፣ ትልቁ 5,000 ነበር። በመጨረሻው ልዩነቱ ጠብቦ በ167 እና በ360 መካከል ሆነ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ለይተን እንያዝ። አንደኛው፣ የግምቶች መቀራረብ ትክክል ለመሆናቸው ማስረጃ አይደለም። ሰባት ሰዎች ተስማምተው ሊሳሳቱ ይችላሉ። ሁለተኛው፣ የዘዴው ጥበብ ያለው ከመቀራረቡ ላይ ሳይሆን ከስም መሸሸጉ ላይ ነው። ፈጣሪዎቹ የፈሩት አንድ የታወቀ ነገር ነበር፤ በስብሰባ ላይ የሚያሸንፈው ሐሳብ ብዙ ጊዜ የተሻለው ሐሳብ ሳይሆን የባለሥልጣኑ፣ የአንጋፋው ወይም የአንደበተ ርቱዑ ሐሳብ ነው።

ይህ ስጋት ለእኛ አባቶች እንግዳ አልነበረም። በጥንቱ የዙፋን ችሎት ሥርዓት ሐሳቡን አስቀድሞ የሚሰጠው በማዕረግ ታናሹ ነበር። ፍርዱ ከታች ወደ ላይ እየተነገረ ይሄድና የንጉሠ ነገሥቱ ቃል በመጨረሻ ይመጣል። ንጉሡ አስቀድሞ ቢናገር ከእርሱ በኋላ የተለየ ቃል የሚያወጣ እንደማይገኝ ሥርዓቱን የሠሩት ሰዎች ተረድተውት ነበር። ይህን ነጥብ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የኢነርጂ ገበያን አስቀድሞ በማየት ረገድ በብዛት የሚጠቀሰው ታሪክ ግን የዴልፋይ ሳይሆን የሼል ኩባንያ ነው። በ1960ዎቹ የነዳጅ ገበያ የተረጋጋ ይመስል ነበር። ፍላጎት በየዓመቱ ያድጋል፤ ዋጋው ከ2 ዶላር እምብዛም አይርቅም፤ የኩባንያዎቹ ዕቅድም ያለፈውን መስመር ወደ ፊት ማስረዘም ነበር። ፈረንሳዊው ፒየር ዋክና እንግሊዛዊው ቴድ ኒውላንድ ያሉበት የሼል የዕቅድ ቡድን የጥያቄውን መልክ ለወጠው። «ዋጋው ስንት ይሆናል?» ከማለት ይልቅ «በዚህ ገበያ ውስጥ የሚወስኑት እነማን ናቸው? እያንዳንዳቸውስ ምን ይጠቅማቸዋል?» ብለው ጠየቁ።

መልሱ የሚያሳስብ ሆነ። የሕዝባቸው ቁጥር አነስተኛ የሆነ አምራች አገሮች ከሚያስፈልጋቸው በላይ ገንዘብ እያገኙ ነው፤ ስለዚህ ነዳጃቸውን አውጥተው ገንዘቡን በባንክ ከሚያስቀምጡ ይልቅ ከመሬት በታች ቢያቆዩት ይሻላቸዋል። ገዢዎቹ ግን በየዓመቱ ተጨማሪ ይፈልጋሉ። ሁለቱ አብረው ሊዘልቁ አይችሉም። ቡድኑ አንድ ቁርጥ ያለ ትንቢት አልጻፈም። ሲናሪዮ የሚባሉትን፣ ማለትም እርስ በርሳቸው የሚለያዩ በርካታ የነገ መልኮችን ቀርጾ በ1972 ለኩባንያው አመራር አቀረበ።

ዋክ በኋላ በጻፈው ላይ ያመነው አንድ ቁም ነገር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሲናሪዮዎች አድናቆት አተረፉ እንጂ ሥራ አስኪያጆቹ የሚወስኑበትን መንገድ አልለወጡም። ሰዎቹ ሰምተው፣ አመስግነው፣ ወደ ቀድሞው ሥራቸው ተመለሱ። ቡድኑ ትኩረቱን ከወረቀቱ ወደ አድማጩ ያዞረው ከዚህ በኋላ ነው፤ አስተዳዳሪው ስለ ዓለም በውስጡ የያዘው ሥዕል ካልተነካ ግምቱ ብቻውን ዋጋ እንደሌለው ተገነዘበ።

ጥቅምት 1973 የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ፈነዳ። በ3 ዶላር አካባቢ የነበረው የበርሜል ይፋዊ ዋጋ በዚያው ወር ወደ 5.12 ዶላር፣ በ1974 መባቻ ደግሞ ወደ 11.65 ዶላር ወጣ። ሼል የጦርነቱን ቀን አላወቀም፤ ሊያውቅም አይችልም ነበር። የበለጠው አስቀድሞ አስቦበት ስለነበር ከሌሎቹ ቶሎ በመንቀሳቀሱ ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። የዋጋው ማዕበል አዲስ አበባ የደረሰው በየካቲት 1966 ዓ.ም. ነው። መንግሥት የቤንዚንን ዋጋ በ50 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራን የትምህርት ዘርፍ ጥናቱን ተቃውመው አደሙ፤ ተማሪዎችም ወደ አደባባይ ወጡ። መንግሥት በቀናት ውስጥ ከጭማሪው ከፊሉን ለመቀነስ ተገደደ፤ ነገሩ ግን ከእጁ ወጥቶ ነበር። አብዮቱን የነዳጅ ዋጋ አመጣው ማለቴ እንዳልሆነ ተማሪዎቼ ያውቃሉ። የወሎ ረሀብ፣ የመሬት ጥያቄ፣ የነገሌ ቦረና ወታደሮች ዐመፅ፣ የተማሪው ንቅናቄ ሁሉ አሉ። ሆኖም ነዳጅን ሙሉ በሙሉ ከውጭ ለሚያስገባ አገር የሩቅ ገበያ መናወጥ የቤት ጉዳይ መሆኑን ያ ወር በማያሻማ መንገድ አሳይቷል። ለንደን ላይ የኩባንያ ትርፍ የነበረው ጥያቄ አዲስ አበባ ላይ የመንግሥት ህልውና ጥያቄ ነበር።

ከ1973 እና ከ1979 ድንጋጤዎች በኋላ ባለሙያዎች ትምህርት የወሰዱ መሰለ። የወሰዱት ትምህርት ግን «ዋጋ ይጨምራል» የሚል ሆነ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የበርሜል ዋጋ 34 ዶላር በደረሰበት ጊዜ የብዙዎቹ ትንበያ እስከ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ እየወጣ የሚሄድ መስመር ነበር። ከሰሜን ባሕር፣ ከአላስካና ከሜክሲኮ የሚመጣው አዲስ ምርት፣ የተሽከርካሪዎች ቆጣቢነት፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ወደ ኑክሌርና ወደ ድንጋይ ከሰል መዞር በቂ ክብደት አልተሰጣቸውም። ሳዑዲ ዐረቢያ ገበያውን ለመደገፍ ምርቷን መቀነስ ስትሰለች፣ ዋጋው በ1986 ወደ 10 ዶላር አካባቢ ወረደ። በየዓመቱ የወጡትን ትንበያዎች ደርድሮ የሚመለከት ሰው አንድ ነገር ያያል፤ እያንዳንዱ መስመር ከዕለቱ ዋጋ ይነሣና ሁሉም ወደለመደው አቅጣጫ ይሄዳል።

አሁን የራሴን ታሪክ ልናገር። በ2006 ዓ.ም. ለአንድ የረጅም ጊዜ ሥራ የሚውል የነዳጅ ዋጋ ግምት እንድንሰጥ ዘጠኝ ሰዎች ተጠርተን ነበር። የጠራንን አካል መጥራት ለዛሬው ነገር አይጠቅምም። ነዳጅ ያኔ ከ100 ዶላር በላይ ነበር። ከስብሰባው በፊት በነበረው ምሽት በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ከ60 እስከ 120 ዶላር የሚል ሰፊ ግምት ጽፌ፣ ከጎኑ ምክንያቴን አስፍሬያለሁ፤ አሜሪካ በውኃ ግፊት ከዐለት ውስጥ የምታወጣው ነዳጅ በፍጥነት እየጨመረ ነው፤ የ1986ም ነገር ሊደገም ይችላል የሚል ነበር።

ስብሰባውን የመሩት በዕድሜም በዕውቀትም የምናከብራቸው ሰው ነበሩ። «ከመቶ በታች የሚወርድበት ዘመን አልፏል» ብለው ጀመሩ። ከዚያ በየተራ ተናገርን። አንዱ 110 አለ፤ ሌላው 115። ተራዬ ሲደርስ ደብተሬ ጭኔ ላይ ነበር። «105» አልሁ። ደብተሩን አልገለጥሁትም።

ቃለ ጉባኤው ባለሙያዎቹ በአንድ ድምፅ ዋጋው ከ100 ዶላር እንደማይወርድ መገመታቸውን ይናገራል። በዚያ ግምት ላይ ተመሥርቶ የሁለት ዓመት የማጓጓዣ ውል በቁርጥ ዋጋ ተፈረመ። በኅዳር 2014 ኦፔክ ምርት ላለመቀነስ ወሰነ፤ በጥር 2016 የበርሜል ዋጋ ከ30 ዶላር በታች ወርዶ ታየ። በውሉ ምክንያት ያለ አግባብ የወጣው ገንዘብ ለሌላ ሥራ ሊውል የሚችል የሕዝብ ገንዘብ ነበር።

ከኋላ ሆኖ ማወቅ ቀላል ነው፤ የእኔ ደብተርም 30 ዶላርን አልጻፈም። የሚያሳፍረኝ መሳሳቴ አይደለም። ጥርጣሬዬን ከሚመለከታቸው ሰዎች መደበቄ ነው። ገንዘቡን የሚመድበው ሰው ዘጠኝ ባለሙያ የተናገረ መስሎት ነበር፤ በእውነቱ የተናገሩት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። እርሳቸውንም አልወቅስም፤ ያመኑበትን ተናገሩ። ያላመንሁበትን የተናገርሁት እኔ ነኝ። ስለ ዙፋን ችሎት ሥርዓት ለተማሪዎቼ ሳስተምር ኖሬ፣ ጥበቡን በሥራ ላይ ማዋል በሚገባኝ ቀን ዘነጋሁት።

ባለሙያዎች የሚሳሳቱት ግን ዋጋን ከፍ አድርጎ በመገመት ብቻ አይደለም። በ2015 ስለ ነፋስ ኃይል ወጪ 163 የዘርፉ ባለሙያዎች ተጠይቀው ነበር። በ2020 ተመሳሳይ ጥያቄ ለ140 ባለሙያዎች ሲቀርብ፣ ለ2050 የሚጠብቁት ወጪ ቀድሞ ከተገመተው በግማሽ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በፀሐይ ኃይልም እንዲሁ ነው፤ የታላላቅ ተቋማት ዓመታዊ ትንበያዎች ዕድገቱን ለረጅም ጊዜ ዝቅ አድርገው ሲገምቱ ኖረዋል። የቴክኖሎጂ ዋጋ በምርት ብዛት እየረከሰ መሄዱን ዐዋቂው ራሱ ለማመን ይዘገያል።

ታዲያ ባለሙያን መጠየቅ ይቅር? አይቅር። ያለፈው ቁጥር የነገን ስብራት አይናገርም፤ ስብራቱን ሊጠረጥር የሚችል ሰው ብቻ ነው። ከታሪኩ የማገኘው፣ አጠያየቁ መልሱን ያህል ክብደት ያለው መሆኑን ነው። ስለዚህ አራት ነገሮችን በአጭሩ አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ባለሙያ ከውይይቱ በፊት ግምቱን ለብቻው ይጻፍ፤ በቃል መናገር ካስፈለገም ከታናሹ ይጀመር። ሁለተኛ፣ አንድ ቁጥር አይጠየቅ። ዝቅተኛው፣ ከፍተኛውና መካከለኛው ግምት፣ ከነምክንያታቸው፣ ይጠየቁ። ሦስተኛ፣ ቃለ ጉባኤ ልዩነትን ይመዝግብ፤ «በአንድ ድምፅ» የሚለው ሐረግ ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው ነገር አለው። አራተኛ፣ ግምቱ ከዓመታት በኋላ ተገልጦ ከሆነው ጋር ይነጻጸር። ይህ ሰውን ለመክሰስ ሳይሆን ማን በምን ጉዳይ እንደሚበረታ፣ የት እንደሚስት ለማወቅ ነው።

ይህ ለእኛ የቅንጦት ጥናት አይደለም። ነዳጅ አሁንም ከውጭ ይገባል። በሌላ በኩል 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል፤ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከ2024 ጀምሮ ተከልክሏል። የኤሌክትሪክ ፍላጎት ምን ያህል ያድጋል? የባትሪ ዋጋ ወዴት ይሄዳል? ጎረቤቶቻችን በስንት ይገዙናል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ባለሙያ ይጠራል። ከሚጠሩት መካከል ዛሬ በዚህ አዳራሽ በኋለኛው ረድፍ የተቀመጣችሁት ትኖራላችሁ።

ያን ቀን ከእናንተ በፊት አንድ የተከበረ ሰው ይናገር ይሆናል፤ ምናልባትም ያ ሰው የእናንተው መምህር ይሆናል። አክብሩት፤ አድምጡት። ከዚያም ደብተራችሁን ገልጣችሁ የጻፋችሁትን አንብቡ።

አሁን ጥያቄና አስተያየት እቀበላለሁ፤ ፈቃዳችሁ ከሆነ ከተማሪዎቹ እንጀምር።