ያን ሁሉ ድንጋይ ማን አነሳው? ከልጆች ጋር ወደ ጥንት መቃብር

ዋሂል ወይም ሌላ የድሬዳዋ ገጠር ያደጋችሁ ከሆነ፣ ስለ ሐርላ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ሐርላ ድሮ በዚህ አካባቢ ይኖር ነበር የሚባል ሕዝብ ነው። ሽማግሌዎች ሲያወሩ ሐርላዎች ግዙፎች ነበሩ ይላሉ፤ ትልልቁን ድንጋይ እያነሱ ቤት የሠሩት፣ ሙታናቸውንም የቀበሩት እነሱ ናቸው ይባላል።

ወሬው እንዲሁ ከመሬት አልተነሳም። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወጣው መንገድ አቅራቢያ፣ በዚሁ ሕዝብ ስም የምትጠራ ሐርላ የምትባል መንደር አለች። እዚያ ገበሬዎች ሲያርሱ የሸክላ ስባሪና የድሮ ሳንቲም ያገኛሉ። አንዳንዴ ደግሞ ከቦታው ንቅንቅ የማይል የግንብ ድንጋይ ይገጥማቸዋል። «ይሄን ያነሳ ሰው የኛን ያህል አይሆንም» ቢሉ ምን ይገርማል? እናንተም ብትሆኑ ይህንኑ ትሉ ነበር።

የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር በሐርላ ሲቆፍር በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ፣ ከግብፅና ከቻይና የመጡ ሳንቲሞች፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ ቦታና መቃብሮች ተገኙ። ከመቃብሮቹ የወጣው አጥንት ግን እንደኔና እንደናንተ ያለ ሰው አጥንት ነው። ግዙፍ የለም።

ታዲያ ድንጋዩን ማን አነሳው? እስቲ እናስላው። ርዝመቱና ወርዱ 1 ሜትር፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ድንጋይ ውሰዱ። አንድ ሜትር ኩብ ድንጋይ 2.5 ቶን ገደማ ስለሚመዝን፣ የኛው ድንጋይ 500 ኪሎ ይሆናል። አንድ ሰው 40 ኪሎ ከቻለ 13 ሰው በቂ ነው። አሁን ከፍ እናድርገው፤ 2 ሜትር በ2 ሜትር፣ ውፍረቱ 30 ሳንቲ ሜትር። ይሄ 3 ቶን ነው፤ 75 ሰው ይፈልጋል። ግን ችግር አለ፦ የድንጋዩ ዙሪያ 8 ሜትር ብቻ ስለሆነ 75 ሰው አይቆምበትም! ስለዚህ በጉልበት ብቻ አይሆንም፤ ከሥር የሚገባ ማንሻ እንጨት፣ ገመድ ወይም የአፈር መወጣጫ ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያዝና የሚታዘዝ፣ ምግብ የሚያቀርብ፣ ሥራውን ጥሎ የሚመጣ ጎረቤት ያስፈልጋል። ደቦ በሉት።

ለኔ ከግዙፉ ተረት ይልቅ የሚደንቀኝ ይሄ ነው። ትልቅ የድንጋይ መቃብር ስታዩ ስለ ሟቹ ከሚነግራችሁ ይልቅ ስለ ቀባሪዎቹ የሚነግራችሁ ይበዛል።

ከሐርላ መንደር በፊትም በሐረርጌ ሰዎች እንዲህ ይቀብሩ ነበር። ፈረንሳዊው ሮዤ ዡሶም በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጨርጨር ተራሮች ላይ ሁለት ዓይነት መቃብሮችን አጥንቷል። አንደኛው ጠፍጣፋ ድንጋዮች እንደ ግድግዳ ቆመው ሌላ ድንጋይ ከላይ እንደ ክዳን የተጫነባቸው ናቸው፤ እነዚህ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ሺህ ዓመት የተሠሩ ናቸው። ሌሎቹ ክብ የድንጋይ ቁልሎች ናቸው፤ ዕድሜያቸው በጣም ያንሳል፣ ከ8ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ። በኦሮምኛ «ዳጋ ቱሊ» ይባላሉ፤ የድንጋይ ክምር ማለት ነው። በነገራችን ላይ፣ «ቅድመ ታሪክ» ሲባል የግድ በጣም ሩቅ ዘመን ማለት አይደለም። ጽሑፍ ያልተወልን ዘመን ማለት ነው።

ግን ክምር ሁሉ መቃብር አይደለም። ገበሬም ማሳውን ሲያጸዳ ድንጋይ ይከምራል። አጥንት የተገኘበት ቦታ ሁሉም መቃብር አይደለም። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ውስጥ በ1933 (እ.ኤ.አ.) የሰው መንጋጋ ቁራጭ ተገኝቷል፤ ዋሻው የድንጋይ ዘመን ሰዎች የኖሩበት ነው። አንድ መንጋጋ ግን «ሰው እዚህ ተቀብሯል» ለማለት አይበቃም። የዋሻው ስም በፈረንሳይኛ «ጃርት» ማለት ነው፤ ጃርት ደግሞ አጥንት እየጎተተ ዋሻ ውስጥ የሚያከማች እንስሳ ነው!

ለተመራማሪ ቁልፉ አቀማመጡ ነው። በኬንያ ጠረፍ፣ ፓንጋ ያ ሳይዲ በሚባል ዋሻ፣ ከ78,000 ዓመት በፊት የተቀበረ ሕፃን ተገኝቷል፤ ዕድሜው ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ጉልበቶቹ ወደ ደረቱ ታጥፈዋል። ጭንቅላቱ ዘንበል ያለበት ሁኔታ ከሥሩ በኋላ የበሰበሰ አንድ ነገር እንደነበረ ያሳያል። ትራስ ሳይሆን አይቀርም። ትራሱ ራሱ የለም፤ ያለውን ያወቅነው አጥንቶቹ ከቦታቸው ስላልተነኩ ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ ስሙን ምቶቶ አሉት፤ በስዋሂሊ «ልጅ» ማለት ነው።

እኛም አገር በጋሞ ተራሮች፣ ሞታ በሚባል ዋሻ፣ ከ4,500 ዓመት በፊት የተቀበረ ሰው በ2012 (እ.ኤ.አ.) ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹን ወደ ዋሻው የመሯቸው የአገሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ሰውየው ባይራ ተባለ፤ በጋሞኛ «በኩር» ማለት ነው። ከአጥንቱ የተገኘው ዲኤንኤ በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የተነበበ የጥንት ሰው ዲኤንኤ ነው። ባይራን ቀድሞ ሌላ ሰው አግኝቶት አጥንቶቹን በታትኗቸው ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወቅን ነበር።

የድንጋይ ቁልሎች ላይ አደጋው ይሄው ነው። ለቤት ግንብ የተዘጋጀ ድንጋይ ይመስላሉ፤ ወርቅ ያለበት የሚመስላቸውም ይቆፍሯቸዋል። በጨርጨር መቃብሮች ውስጥ ግን ከሰው አጥንት ጋር የወጡት የሸክላ ዕቃና ዶቃን የመሳሰሉ ናቸው። ሸክላው ከአጥንቱ ጋር እያለ የመቃብሩን ዘመን ይነግረናል፤ ከተነጠለ ግን ተራ ስባሪ ነው።

እንግዲህ ታናናሾቻችሁን ይዛችሁ እንዲህ ያለ ቦታ ብትሄዱ፣ በመጀመሪያ የመሬቱን ባለቤትና የአካባቢውን ሽማግሌ አስፈቅዱ፤ ተረቱንም ጠይቋቸው፣ ጻፉትም። ክምሩ ላይ አትውጡ። ዙሪያውን በእርምጃ ለኩ፣ ትልቁን ድንጋይ በዓይናችሁ ገምታችሁ ክብደቱን አስሉ፣ ተመሳሳይ ድንጋይ በቅርብ ካለ ፈልጉ፣ ከዚያ ሳሉት። የሸክላ ስባሪ ካያችሁ ፎቶ አንሱና እዚያው ተዉት። ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ ንገሩ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅም ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል።

ትንንሾቹ «የተኛው ሰው ይቆጣል?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። አትሳቁባቸው። «ስንት ሰው ቀብሮት ይሆን?» ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቋቸውና አብራችሁ ቁጠሩ።