ቀይ አፈርና ዝሆኔ በጎጃም ደጋ

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያሉ ብዙ የደጋና የወይና ደጋ ቀበሌዎች ከጥንት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መፈራረስ የተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈር ያላቸው ሲሆን፣ ጤፍና ስንዴ የሚያበቅለው ይኸው አፈር በባዶ እግሩ ሲያርስ ለኖረው ገበሬ ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት ሲያወርሰው ኖሯል። የሕክምና ሊቃውንት ለረዥም ጊዜ ዝሆኔን በትንኝ ከሚተላለፍ ፊላሪያ ከተባለ ትል ጋር ያያይዙት የነበረ ቢሆንም፣ በኢትዮጵያ ደጋ ከሚገኙ ሕሙማን በተወሰደ ደም ውስጥ ትሉ አልተገኘም።

እ.ኤ.አ. በ1969 ጥናቱን ያሳተመው ሐኪም ኡመን በልዩ ልዩ የአገሪቱ ገበያዎች የገበያተኛውን እግር እየተመለከተ የሕሙማኑን ብዛት ገምቷል። ጤና ጣቢያ ብርቅ በነበረበት ዘመን የገበያ ቀን ራሱ የምርምር መሣሪያ ሆነ ማለት ነው፤ ሕመሙ የጠናበትና ከቤት የማይወጣው ሰው ግን ከዚህ ቆጠራ ውጭ መቅረቱ አይቀርም። ቀጥሎ እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሕሙማን የብሽሽት ንፍፊት ውስጥ የአፈር ማዕድን ብናኞችን አገኘ፤ ብናኙ በቆዳ ሰርጎ የሊምፍ ቧንቧዎችን፣ ማለትም ከሰውነት ክፍሎች ፈሳሽ እየሰበሰቡ የሚመልሱትን ቀጫጭን መስመሮች፣ እንደሚጎዳ ካስረዳ በኋላ ሕመሙን ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ ሰየመው። ጫማ እንደሚከላከለው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ቢሆንም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የመዘግየቱ ምክንያት የሳይንስ እጥረት አልነበረም፤ ታማሚው ድምፁ የማይሰማ ድኃ ገበሬ መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው የጎጃም ጥናት ቆጣሪዎች ከገበያ አልፈው በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ቤት ለቤት የዞሩ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል 3.3 በመቶው ታማሚ መሆናቸው ተረጋገጠ። ከዚያም በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበት የሕክምና ሙከራ ተደረገ። የተሰጠው ክብካቤ በማናቸውም ቤት ሊፈጸም የሚችል ነበር፤ እግርን በሳሙና አጥቦ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ሕሙማኑ በዕጣ ሥርዓት ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ወዲያው፣ ግማሾቹ ከ12 ወር በኋላ ክብካቤውን እንዲያገኙ ተደረገ። ይህ አካሄድ ለመመራመር ሲባል ማንም ታማሚ ከሕክምናው ለዘለቄታው እንዳይቀር ያደረገ በመሆኑ ሊመሰገን ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ውጤት፣ በትኩሳትና በብርቱ ሥቃይ የሚነሣው አጣዳፊ ሕመም ክብካቤውን ወዲያው ባገኙት ላይ በአንድ ሰው በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ፣ ተራቸውን በጠበቁት ላይ 23.9 ጊዜ ደርሷል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም፣ በየጥቃቱ አልጋ ላይ ለሚውለው አራሽ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ከመውደቅ መዳን ነው።

ብዙ ሰው ዝሆኔን የዘር ነው ብሎ ከታማሚው ቤተሰብ ጋር ከመጋባት ይሸሻል። በወላይታ የተካሄደ የዘረ መል ጥናት ተጋላጭነት በዘር ሊወረስ እንደሚችል ቢያሳይም፣ ተጋላጭ ሆኖ የተወለደ ሰው እግሩ ከአፈሩ ከተጠበቀ ሊታመም እንደማይችል ይታወቃልና ጋብቻን መከልከል በደል እንጂ ጥንቃቄ አይደለም። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ካህናትና መምህራን ይህንኑ ለየቀበሌው ሕዝብ ደጋግመው ያስረዱ፤ በቀይ አፈር ላይ የሚያድግ ሕፃንም መራመድ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ጫማ ይደረግለት።